በካራቴ ቆጠራ የዘለልኩት ስም

ከዚህ በፊት ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እናቴ ስትታመም ትንንሾቹን የሚይዝ ሰው ጠፋና ደብተሬን አስቀመጥኩ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለሚያቅተኝ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ሰፈሬን አልፌ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች የጎደለውን ሞልታችሁ አንብቡልኝ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ወረቀት ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ ጉርድ ሾላ አካባቢ ካራቴ ጀምሯል። ባለፈው ወር የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ ስሞች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ከላይ የጃፓን ስም፣ ከታች የአስተማሪው ስም። "አክስቴ፣ ይህን በቃሌ ካልያዝኩ ቢጫውን ቀበቶ አይሰጡኝም። እያነበብሽልኝ ልበል" አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ መልሼ አጠፍኩት። ልጁ ነገሩ ስላልገባው ሳቀብኝ። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ተመልሼ፣ ወሎ ሰፈር የቀበሌው አዳራሽ መሐል ብቻዬን ቆሜ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ሱቅ ነበረው። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሣ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ውጭ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሳሙናና የነጭ ጋዝ ሽታ እየሸተተኝ በረንዳው ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከዚያ አባባ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ፊት ለፊት ወዳለው የቀበሌ አዳራሽ እሻገራለሁ። አዳራሹ ድሮ ስኳርና ስንዴ ይታደልበት ስለነበር ግድግዳው ሁሉ ጆንያ ጆንያ ይሸት ነበር። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን የላብ ሽታ ያሸንፈዋል፤ በዚያ ሰዓት የማስተር ግርማ የካራቴ ክበብ ይገባበታል።

እኩዮቼ ያንን ጊዜ አትረሱትም። ቪዲዮ ቤት ሁሉ በር ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚጻፈው ወይ የሕንድ ነው ወይ የካራቴ። የእናቱን መጥረጊያ እንጨት ለሁለት ቆርጦ በሰንሰለት አያይዞ ነንቻኮ ያልሠራ ወንድ ልጅ አልነበረም። ግማሾቹ የመቱት የገዛ ግንባራቸውን ነው። ግንባሩ ያበጠ ልጅ ካያችሁ፣ ትናንት ማታ ፊልም አይቷል ማለት ነው።

እኔ ማየት እንጂ መሥራት አላሰብኩም ነበር። በሩ ላይ ተለጥፌ ስቆም መሰንበቴን ማስተር ግርማ አይቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ ለአባቴ "ከድር፣ ይቺን ልጅ ስጠኝ፤ በሬን ልትጨርሰው ነው" አለው። እናቴ ሴት ልጅ እግሯን ስታነሳ ማየት አልወደደችም። አባቴ ግን ድፍረት ይሰጣት ይሆናል ብሎ ፈቀደ። ሻሼን እንዳላወልቅና ሱሪው እንዲረዝም ብቻ አዘዘ። ልብሱን ከአቡጀዲ አሰፉልኝ። መጀመሪያ ሲታጠብ ስለተሰበሰበ፣ ያ አባቴ ያዘዘው ረጅም ሱሪ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ።

ማስተር ግርማ ቀን ቀን እዚያው ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት በምንም የማይለቅ ሰው። አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ያያችኋል፣ ያኔ ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። እኔን ያስቸገረኝ ጩኸቱ ነበር። ካራቴ ውስጥ ስትመቱ ትጮኻላችሁ፤ ከሆድ የሚወጣ አንድ አጭር ጩኸት ነው። የእኔ ከጉሮሮዬ አይወጣም ነበር። ከኋላዬ የሚቆመው ሳምሶን የሚባል ልጅ "ማስተር፣ ሙና ናት የጮኸችው ወይስ በሩ ነው ዘይት የፈለገው?" ሲል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። እኔ ሻሼን ወደ ግንባሬ እስባለሁ።

የምወደው ቅዳሜን ነበር። ቅዳሜ ልምምዱ ሲያልቅ ማስተር ግርማ ሲሚንቶው ላይ ያስቀምጠንና የካራቴያችንን ምንጭ ያወራልናል። በጣም ሩቅ፣ ከጃፓንም በታች፣ አንዲት ደሴት አለች። የደሴቲቱ ንጉሥ ሰው ሁሉ መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሎ ነበር። እዚያ ካንሹ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ነበር። አንድ ጊዜ ከቻይና የመጣ የሻይ ነጋዴ ጀልባው ላይ ታመመበትና ካንሹ ቤቱ ወስዶ አንድ ክረምት ሙሉ አስታመመው። ነጋዴው ሲድን ስምንት የእጅ እንቅስቃሴ አስተማረው። ካንሹ የተማረውን የሚለማመደው ጀልባው ላይ ነበር። ጀልባ ስለሚናወጥ እንዳይወድቅ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አዙሮ ይቆማል። "እናንተም ጣታችሁን ወደ ውስጥ የምታዞሩት ለዚህ ነው፤ እዚህ ወሎ ሰፈር ሲሚንቶ ላይ የካንሹን ባሕር እየፈራችሁ ነው" ይለን ነበር።

ካንሹ ለእህቱ ልጅ ለሶይቺ አስተማረ። ሶይቺ ለታይዞ አስተማረ። ታይዞ የትምህርት ቤት መምህር ስለነበር መጀመሪያ በግልጥ ያስተማረው እሱ ነው። ታይዞ ያስተማረው ሂሮሺ የሚባል የመንገድ መሐንዲስ በጃንሆይ ጊዜ ወደ አገራችን መጣና፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ በመንገድ ሥራው ካምፕ ግቢ ለአዲስ አበባ ወጣቶች አሳየ። ከእነሱ አንዱ ማስተር ዮናስ ነበር። ከማስተር ዮናስ ወደ ግርማ፤ ከግርማ ወደ እኛ። ይህ ሁሉ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይህን ቆጠራ በቃሉ የማይወጣ ልጅ ቀበቶ አይታጠቅም። ማስተር ዮናስ ስመ ጥር አስተማሪ ስለነበር፣ ከሞተም በኋላ ስሙ ሲጠራ ትልልቆቹ ልጆች ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር።

የጃፓኖቹ ስሞች ለልጆቹ አልያዝ አሉ። ሳምሶን ታይዞን "ታዬ" እያለ የጎጃም ሰው አደረገው። ለእኔ ግን ውኃ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ልማድ ነው። አባቴ ስልጤ ነው። ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዞ ያስቆጥረኛል፤ ሙና የከድር፣ ከድር የሽኩር፣ ሽኩር የኑሪ፣ ኑሪ የበድሩ እያልኩ እስከ ሰባት ቤት እወጣለሁ፤ አንዳንዴም ከዚያ አልፋለሁ። ብሳሳት አይቆጣም፤ ብዘል ግን ይቆማል። መንገድ መሐል ቆሞ "የዘለልሽው ሰው ያለ ልጅ ቀረ እኮ። መልሺው" ይለኛል። ለእኔ የሞቱት ሰዎች በመንገዱ ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ይመስለኝ ነበር። አንዱን ብዘል ሰውዬው ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ዘልዬ አላውቅም።

አሁን ስለ ጋሽ ታደሰ ልናገር። ጋሽ ታደሰ ከአዳራሹ ውጭ፣ ልክ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጡ ጫማ ሰፊ ነበሩ። የላስቲክ ጥላቸውን በመስኮቱ ብረት ላይ አስረው፣ በማስቲሽ ሽታ ተከበው ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻቸውን ሲያሰሙ ይውላሉ። ግራ እግራቸው አይታጠፍም፤ በክራንች ነው የሚሄዱት። ሰሜን ጦር ግንባር የቆሰሉ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበሩና መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰው ናቸው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ "የድሮ ወታደር" የሚባለው ቀስ ተብሎ ነበር። ማስተር ግርማ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጫማውን ሳጥናቸው ላይ ጣል አድርጎ "ለነገ ይድረስልኝ" ብሎ ይገባል እንጂ ቆሞ ሰላም ሲላቸው አይቼ አላውቅም። እኔን ግን ሁልጊዜ ይጠሩኛል። "ሙኒት፣ ጫማሽ አፉን ከፍቶ ሊያወራ ነው፤ አምጪው፣ ዝም ላሰኘው" ይሉኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የረሳሁትን ደብተር ልወስድ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሰው ስለሰማሁ በክፍተቱ አየሁ። ጋሽ ታደሰ በክራንቻቸው ተደግፈው መሐል ቆመዋል። ማስተር ግርማ ባዶ እግሩን ከፊታቸው ካታ እየሠራ ነው። ካታ የምንለው ጠላት ከፊታችን እንዳለ እያሰብን ብቻችንን የምንሠራውን ተከታታይ እንቅስቃሴ ነው። እየሠራ ሳለ ጋሽ ታደሰ በክራንቹ ጫፍ ክርኑን ቸብ አደረጉት። "ስንት ዓመት ልንገርህ፣ ይቺ ክርን መቼ ነው የምትሰበሰበው?" አሉት። እኛ የምንፈራው ማስተር ግርማ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ "እሺ ጋሼ" አለ።

ከዚያ ጋሽ ታደሰ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ራሳቸው አሳዩት። እጃቸው ሲሄድ አይታይም፤ ሲደርስ ብቻ ነው የሚታየው። ለመዞር ሲሉ ግን ያ የማይታጠፈው እግራቸው ወደ ኋላ ቀረና ተረከዙ ሲሚንቶውን እየፋቀ፣ ትንሽ ዘግይቶ ተከተላቸው። እኛም እንዲሁ ነው የምንዞረው። አርባ የምንሆን ልጆች፣ እግራችን ጤነኛ ሆኖ፣ ልክ በዚያ ቦታ ላይ ግራ ተረከዛችንን እየጎተትን እንዞራለን። ከካንሹ ጀልባ የመጣ ይመስለን ነበር። ለካ ሰሜን ውስጥ ከተተኮሰ ጥይት የመጣ ነው።

በሩን ነካሁት መሰለኝ፣ ሲጥ አለ። ማስተር ግርማ ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። አላሳመመኝም፤ እጁ ግን ቀዝቃዛ ነበር። "ከማን ጋር ነሽ?" አለኝ። ብቻዬን መሆኔን ሲያይ ተንበረከከና ፊቴ ላይ ቀስ ብሎ አወራ። እሱን ሰባት ዓመት ያስተማሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው። እሳቸውም ከሂሮሺ ነው የተማሩት። ማስተር ዮናስ ጋ የቆየው ሁለት ወር ብቻ ነው። "ይህ ከተሰማ የቀበሌው ሊቀመንበር የደርግ ወታደር ያቋቋመው ክበብ ነው ብሎ አዳራሹን በማግስቱ ለቪዲዮ ቤት ይሰጠዋል። እሳቸውንም ዝም ብሎ አይተዋቸውም። ገባሽ? ለአባትሽም ቢሆን እንዳትነግሪ" አለኝ። ከውስጥ የጋሽ ታደሰ ድምፅ መጣ፤ "ተው እንጂ ግርማ፣ ልጅ አታስፈራራ። ስሜን ተወው ያልኩህ እኔው ነኝ።"

ለስምንት ወር ያህል ያንን ይዤ ኖርኩ። ሌላ ልጅ ቢሆን ምስጢር ይጣፍጠው ይሆናል፤ እኔ ግን ሰው መሸሽ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ሱቃችን መጥተው ሲጋራ ሲገዙ ከጆንያ ኋላ እደበቃለሁ። ፊቴ ላይ ያነቡብኛል ብዬ ነው። ማታ ማታ ጉልበቴን አቅፌ ስተኛ ወታደሮች መጥተው ጋሽ ታደሰን ከነሣጥናቸው መኪና ላይ ሲጭኗቸው ይታየኝ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቆጠራው ነው። ግድግዳው ላይ እንደተጻፈው "ግርማ የዮናስ" ባልኩ ቁጥር የአባቴ ቃል ይመጣብኛል። ውጭ መዶሻው ቋ፣ ቋ ይላል። ጋሽ ታደሰ እንደሆነ ድሮም ልጅ የላቸውም።

በጥር ወር ማስተር ግርማ ሰበሰበንና ከካራቴ ማኅበር ፈታኞች እንደሚመጡ ነገረን። የዘር ሐረጉ በትክክል የማይታወቅ ክበብ ዕውቅና አያገኝም። ዕውቅና ካላገኘን ደግሞ ሊቀመንበሩ አዳራሹን ለጠየቃቸው የቪዲዮ ቤት ሰውዬ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ፈታኞቹ ፊት ቆሞ ቆጠራውን ይወጣል። ሁላችንም ወደ ትልልቆቹ ልጆች ስናይ ማስተር ግርማ "ሙና ናት የምትቆጥረው" አለ። ሳምሶን ከኋላ "እሷ ሰው ፊት ከተናገረች እኔ ቦሌ ሄጄ አውሮፕላን አበርራለሁ" አለ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም እንደሱ ሳያስቡ አልቀሩም።

እስከዚያች ቅዳሜ ያሉት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። እህል አልዋጥ አለኝ። እናቴ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ትዳስሳለች። ልታመም፣ መንገድ ላይ ልወድቅ፣ ዝናብ ወርዶ አዳራሹን ይዞት ይሂድ ብዬ ዱዓ አደረግኩ፤ በጥር ነው ይህን የምለምነው። ሰው ፊት መቆሙ ብቻ አልነበረም ያስፈራኝ። እውነቱን ከተናገርኩ አዳራሹ ይወሰዳል፣ ጋሽ ታደሰም ይነካሉ። ካልተናገርኩ ደግሞ በአዋቂዎች ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ እሳቸውን ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬ እዘላቸዋለሁ። ለማን ይነገራል ይህ? ለአባቴ እንዳልነግር ተከልክያለሁ።

ቅዳሜው ደረሰ። አዳራሹ ተጠርጎ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ተነጥፎ ለስላሳ ተደርድሯል። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሊቀመንበሩ ከአጠገባቸው ተቀምጠዋል። የጣራው ቆርቆሮ ስለጋለ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል። ከውጭ የመዶሻው ድምፅ ሲገባ ሊቀመንበሩ ተቆጥተው "ያንን ጫማ ሰፊ አንድ ሰው ዝም ያሰኘው" አሉ። አንድ ልጅ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ነገራቸው። መዶሻው ቆመ። እንዲያውም የባሰ ሆነብኝ፤ ዝምታው ጆሮ ያለው መሰለኝ።

ካታውን ሠራን። ሽማግሌው ፈታኝ በመዞሪያው ላይ እጃቸውን አነሱና እንድንደግመው አዘዙ። ደገምን፤ አርባ ተረከዝ ሲሚንቶውን ፋቀ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ዮናስን በደንብ አውቀው ነበር። የዮናስ ልጆች ተረከዝ አይጎትቱም። ይህ ከየት መጣ?" አሉ። ማስተር ግርማ ወደ ግድግዳው ወረቀት አመለከተ። "እስቲ ይቆጠርልኝ" አሉ ሽማግሌው።

ስሜ ተጠራ። እስከ መሐል ድረስ እንዴት እንደተራመድኩ አላስታውስም። ያ አጭር አቡጀዲ ሱሪዬ ሲርገበገብ ይታየኝ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስጨፍን አባቴ እጄን ይዞ ከሱቅ ወደ ቤት እየሄድን መሰለኝ፤ በቃ አፌ ቤት እንደለመደው ተነሣ። እኔ የግርማ፣ ግርማ የታደሰ፣ ታደሰ የሂሮሺ፣ ሂሮሺ የታይዞ፣ ታይዞ የሶይቺ፣ ሶይቺ የካንሹ።

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ቆርቆሮው ድረስ ወጥቶ የተመለሰ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ፣ ስሞቹን እስክጨርስ ድረስ ብቻ፣ ምንም አልፈራሁም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ሳምሶን ግድግዳውን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ሊቀመንበሩ አንገታቸውን አስግገው "ታደሰ ደግሞ የማን ነው? ወረቀቱ ላይ የለም" አሉ። ያኔ ነው ያልኩትን የሰማሁት።

ማስተር ግርማ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። "ልጅቷ ተሳስታለች። ፈርታ ነው" አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ለክፋት አልነበረም። ሽማግሌው ፈታኝ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "የኔ ልጅ፣ ታደሰ ማነው?" አሉኝ። ማስተር ግርማን አየሁት። ከጎኑ የተንጠለጠሉት እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ያ ቀጥቅጦ ሞተር የሚፈታ እጅ እንደ እኔ ሱሪ ይርገበገባል። ትልቅ ሰው እንደ እኔ ሲፈራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። የማርፍበት ነገር ሁሉ ከሥሬ የተነሣ መሰለኝ። "ተሳስቼ ነው" አልኩ። "እንግዲያው እንደገና ቁጠሪልን" አሉኝ።

ቆጠርኩ። ግርማ የዮናስ፣ ዮናስ የሂሮሺ። አፌን ሳላንቀሳቅስ ነበር ማለት ይቻላል። ከኋላ "አልተሰማም" ያለ ነበር። ሽማግሌው እያዩኝ "ይበቃታል" አሉና ፈረሙ። ያወቁ ይመስለኛል። ለማስተር ግርማ ብቻ "እግራቸውን አስተካክል፣ ተረከዝ አይጎተት" አሉት። ተጨበጨበ። ቢጫ ቀበቶ ወገቤ ላይ ታሰረልኝ። ሳምሶን "አውሮፕላኑን አስነሥቼ ልምጣ" ብሎ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። የሚያመሰግነኝ ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋልኝ እኔ ሻሼን ወደ ግንባሬ እስብ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ ማስተር ግርማ መዞሪያውን አስተካከለልን። ተረከዛችንን እያነሣን እንድንዞር፣ ሲሚንቶው እንዳይፋቅ በሳምንት ውስጥ አስለመደን። እኔን ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። አዳራሹ ተረፈልን። የእኔ ተረከዝ ግን አልነሣ አለ፤ ብዙም ሳልቆይ እናቴ ታመመችና ከትምህርቱም ከካራቴውም ቀረሁ።

ዛሬ ያ አዳራሽ ፈርሶ በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። የአባቴ ሱቅ የነበረበት ቦታ መኪና ይቆምበታል። ልጆቹ አሁን የተሰፋ ነጭ የካራቴ ልብስ ከሱቅ ይገዛላቸዋል፣ ሲታጠብም አያጥርም። የዘር ሐረጋቸውም በቀለም ታትሞ ይሰጣቸዋል። የድሮ ወታደር ስም ለመጥራትም ማንም አይፈራም፤ ዘመኑ አልፏል። ግን ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ማን አለ? ያኔ ያወቅን ፈራን፣ አሁን የማይፈሩት አያውቁም። ድስት ይዤ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው ስዞር ግራ ተረከዜ ወለሉን ይፍቃል። እህቴ ጫማሽን አትጎትቺ ትለኛለች። እኚያ ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ የቀሩት በእኔ እግር ብቻ ይሆን እላለሁ።

ከፈተናው በኋላ ለአራት ቀን ጋሽ ታደሰን ላለማየት በጓሮው መንገድ እየዞርኩ ሄድኩ። በአምስተኛው ቀን አባቴ ሶሉ የተላቀቀ ጫማውን ሰጥቶኝ "ሮጥ በይ፣ ታደሰ ዛሬ ሊሄድ ነው አሉ፤ ሳይሄድ ይስፋልኝ" አለኝ። ስደርስ የላስቲክ ጥላቸውን ከመስኮቱ ብረት ፈትተው አጥፈውታል። ባላገር ወዳለች እህታቸው ጠቅልለው ሊሄዱ ነበር። ሳጥናቸውን ግን ለአባቴ ጫማ ሲሉ ከፈቱት። ከፊታቸው ቆምኩ። ወስፌው ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ይቅርታ ለማለት ቃል ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ጨርሰው ጫማውን ሲያቀብሉኝ እንደምንም "ጋሼ፣ ቅዳሜ ዕለት" አልኩና እዚያው ላይ ቀረሁ።

ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ወደ መንገዱ እያዩ መለሱልኝ። "ቅዳሜ መዶሻዬን አስቀምጬ ስሰማሽ ነበር፤ ግርማ የታደሰ ስትዪ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ያልሽውን ግን እንጃ ልጄ፣ ታክሲው ክላክስ ሲያስጮኽ ነበርና ምንም አልሰማሁም።"